እናቴ የመረቀችው የብስክሌት መሪ

ውድ አንባቢዎች፣ በመጀመሪያ ስለ ቁመቴ ልንገራችሁና ነገሩ ይቅለልልኝ። አንድ ሜትር ከሰማንያ ዘጠኝ ነኝ። ሰፈር ውስጥ «ብቅል አውራጅ» የሚል ስም ከወጣልኝ ቆይቷል። ይህ ነገር ሲደርስብኝ ዕድሜዬ ሠላሳ አንድ ነበር፤ የምነዳው ብስክሌት ደግሞ ቢኤምኤክስ ነው። አይታችሁት ለማታውቁ፣ ጎማው ትንሽ፣ ኮርቻው ከጉልበት በታች የሆነ፣ ለዝላይ የተሠራ ብስክሌት ነው። ከሩቅ ለሚያየው ሰው የልጅ ብስክሌት ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ሦስት ዓመት ሙሉ «የዘሃራ ልጅ የማንን ልጅ ብስክሌት ቀምቶ ነው?» እየተባልሁ ኖሬያለሁ።

ስሜ እንድሪስ ነው። ክር ከሚያመርቱት ፋብሪካዎች በአንዱ የማሽን ጥገና ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ብሎን ሳጠብቅና ሳላላ እውላለሁ። ከሥራ ስወጣ ብስክሌቴን ይዤ ከከተማው ወጣ ወዳለ ሜዳ እሄዳለሁ፤ እዚያ ከእኔ በአሥር ዓመት የሚያንሱ ወጣቶች አፈር ከምረው ይዘላሉ። እኔም እዘላለሁ። ለምን ብትሉኝ፣ አየር ላይ ባለሁባት በዚያች ቅጽበት የማሽኑ ድምፅ ከጆሮዬ ይጠፋል። ሌላ ምክንያት የለኝም።

እናቴ ዘሃራ ቅቤ ነጋዴ ናት። ትውልዷ ሐርቡ ገጠር ነው። ከደሴ ዙሪያ ከሚመጡ ሴቶች እየተረከበች ኮምቦልቻ ገበያ ትሸጣለች። ለጋውን ከበሳሉ የምትለየው በዐይኗ ሳይሆን በአፍንጫዋ ነው፤ አንዳንዴም ላሟ ምን በልታ እንደዋለች ትናገራለች። ወደ ቤታችን የገባ እንግዳ መጀመሪያ የሚቀበለው የቅቤ ሽታ ነው። እኔ ግን እዚያው ስላደግሁ አይሸተኝም። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ታስፈልጋችኋለች።

ነገሩ የጀመረው በመውደቅ ነው። አንድ ቀን ስዘል ጉልበቴ ከመሪው ጋር ተጋጭቶ በአገጬ ተደፋሁና አራት ቦታ ተሰፋሁ። እናቴ ፋሻዬን አይታ የቅቤ ሚዛኗን አስቀመጠች።

«ብስክሌቱን ሽጠው» አለችኝ።

«እማ፣ ጥፋቱ የመሪው ነው። ለእኔ በጣም አጥሯል። ጉልበቴ...»

«መሪው አላጠረም፤ አንተ ነህ የረዘምህ! እኩዮችህ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ያደርሳሉ፣ አንተ አገጭህን ታሰፋለህ። ሰው ምን እንደሚለኝ ታውቃለህ?»

«ረዘም ያለ መሪ ልግጠምለት። በወሩ መጨረሻ እሑድ ሜዳው ላይ የዝላይ ውድድር አለ። መጥተሽ አንድ ጊዜ በዐይንሽ እዪኝ።»

«ከወደቅህስ?»

«ከወደቅሁ እሸጠዋለሁ።»

«ወላሂ በል።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። «ወላሂ» አልሁ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ የብስክሌቴ ዕድሜ በአንዲት እሑድ ላይ ተንጠለጠለ። እናቴ በቀልድ አታስምልም፤ እኔም በቀልድ አልምልም።

ውድድሩ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሚኒባስ ተሳፍሬ የሐረጎን ተራራ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ደሴ ወጣሁ። ከኮምቦልቻ በሸሚዝ የተነሣ ሰው ደሴ ሲደርስ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል፤ እኔም ተንቀጫቀጭሁ። ከፒያሳ ወረድ ብሎ የድሮ ደንበኛ የሆንሁባት የጋሽ በላይ የብስክሌት መጠገኛ አለች። ጋሽ በላይ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ካፖርታቸውን በበጋም የማያወልቁ ሰው ናቸው። ከውጭ የሚገቡ ያገለገሉ ብስክሌቶችን እየፈቱ ዕቃውን ለየብቻ ይሸጣሉ።

እኔ ስገባ ዐይኔ ያረፈው ግድግዳው ላይ በተሰቀለ አንድ የሚያብረቀርቅ ቁራጭ ብረት ላይ ነው። መሪውን ከፊት ሹካ ጋር የሚያያይዘው ዕቃ ነው፤ ጋሽ በላይ «አንገት» ይሉታል። ረጅምና ጥቁር ነበር። አማረኝ።

«ያንን ይስጡኝ» አልሁ።

«ሚዜ ልታደርገው ነው በመልክ የምትመርጠው?» አሉኝ። «ይኼ የተራራ ብስክሌት አንገት ነው። በል ያንተን መሪ ውፍረት ንገረኝ።»

ከኪሴ ክር አወጣሁ። እኛ ክር ፋብሪካ የምንሠራ ሰዎች ሜትር ስናጣ የምንለካው በክር ነው። የአሮጌውን መሪ ወገብ፣ አንገቱ የሚጨብጠውን መሐሉን፣ ዙሪያውን ለክቼ ቋጥሬበት ነበር የመጣሁት። ጋሽ በላይ ክሩን ተቀብለው የአንገቱ ቀዳዳ ውስጥ አዞሩት። ቋጠሮው አልገጠመም፤ ቀዳዳው ሰፊ ሆነ።

«በቆርቆሮ ጠቅልዬ አስገባዋለሁ» አልሁ። ፋብሪካ ውስጥ ሰፊውን በቆርቆሮ መሙላት የየቀን ሥራችን ነው።

ጋሽ በላይ መነጽራቸውን አወለቁ። «ስማ እንድሪስ። ማሽን ቢላቀቅ ማሽኑ ይቆማል። መሪ ቢላቀቅ ግን የምትቆመው አንተ ነህ፣ ያውም በጭንቅላትህ። የቢኤምኤክስ መሪ ቀጭን ነው፤ አንገቱም ለቀጭን የተሠራ መሆን አለበት። ደግሞ ይኼኛው ርዝመቱን አየኸው? ረጅም አንገት ወደ ፊት ይጎትትሃል። አጭሩ ነው እጅህን ቶሎ የሚሰማው።»

ከመሳቢያ አጭር፣ ደልደል ያለ፣ አራት ብሎን ያለው አንገት አወጡ። ቋጠሮዬ ልክ ገጠመ። ቀጥለው ሁለት መሪዎች ከጣሪያው ላይ አወረዱ። እኔ ቶሎ ወደ አንደኛው እጄን ስዘረጋ መታ አደረጉኝ።

«ቁም! መሪ በእጅ አይመረጥም፣ በቁመት ነው።»

መሬት ላይ ሁለት ጡብ እንደ ፔዳል አስቀምጠው እላዩ ላይ አቆሙኝ፤ ቀጥሎ አንዱን መሪ ፊቴ ደግነው «ያዝ፣ ጉልበትህን እጠፍ» አሉ። መንገድ ላይ የሚያልፉ ሰዎች ቆመው ማየት ጀመሩ። አንድ ረጅም ሰው ጡብ ላይ ቆሞ፣ አንድ ሽማግሌ ደግሞ የብረት ቀንድ የመሰለ ነገር ይዘውለት። በመጀመሪያው መሪ ጉልበቴ ብረቱን ነካ። በሁለተኛው፣ አንድ አውራ ጣት ያህል ከፍ ባለው፣ ጉልበቴ ነጻ ሆነ፤ ክንዴም ሳይወጠር ታጠፈ። ወገቤ ላይ ለዓመታት ተሸክሜው የኖርሁት ጉብጠት የመሪው እንጂ የእኔ እንዳልነበር ያን ጊዜ ገባኝ። እዚያው ጡብ ላይ ቆሜ ሳቄ መጣ።

ሒሳብ ከጨረስን በኋላ ጋሽ በላይ ጣታቸውን ቀሰሩብኝ።

«ሁለት ነገር አትርሳ። አንደኛ፣ አራቱን ብሎን በአንዴ አጥብቀህ እንዳትጨርስ። ትንሽ ትንሽ እያልህ፣ ከአንዱ ጥግ ወደ ማዶው ጥግ፣ በመስቀል ቅርፅ ታጠብቃለህ። እዚህ ላይ ብቻ የእኔን ሃይማኖት ትከተላለህ።»

«ለብሎን ሲሆን ችግር የለውም» አልኋቸው።

«ሁለተኛ፣ ግሪስ ቦታ አለው። ሹካው የሚዞርበት ኩሽኔታ ላይ ግሪስ ቀባ። አንገቱ መሪውን የሚጨብጥበት ቦታ ግን ጠብታ እንዳይነካው። ደረቅ ብረት ነው ደረቅ ብረትን የሚይዘው። ነገ ወርጄ ስትዘል አይሃለሁ።»

በሚኒባስ ስመለስ መሪውን ጭኔ ላይ አቅፌ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ እናት «ልጄ፣ በሬው የት ቀረ?» አሉኝና ሐረጎን እስክንጨርስ ተሳፋሪው ሲስቅ ወረደ። እኔም ሳቅሁ፤ ደስ ብሎኝ ስለነበር ማንም ሊያስከፋኝ አይችልም ነበር።

እሑድ ጎህ ሳይቀድ ዕቃዎቼን ሳሎን ሰሌን ላይ ደረደርሁ። ኩሽኔታውን ግሪስ ቀባሁ፣ ሹካውን አስገባሁ። መሪውና አንገቱ ለብቻቸው ተቀምጠው ነበር። አዛን ሲሰማ ለሱብሒ ሰላት ወደ መስጊድ ሄድሁ። ስመለስ እናቴ እጇን በነጠላዋ እየጠረገች ከሳሎን ስትወጣ በር ላይ ተገናኘን። ፈገግ አለች። ለሳምንት ያላየኋት ፈገግታ ነበረች።

«ምነው እማ?»

«ምንም። ዱዓ አድርጌልሃለሁ። አብሽር።»

ደስ አለኝ። ጠላቴ ነው የምትለውን ብስክሌት መመረቅ ለእናቴ ቀላል ነገር አልነበረም። ተቀምጬ መሪውን አንሥቼ አየሁት፤ ወገቡ ያብረቀርቃል። ጋሽ በላይ ወልውለውት ይሆናል ብዬ አለፍሁት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። አራቱን ብሎን እንደተነገረኝ ከጥግ ወደ ጥግ እያልሁ በብሩጎላ መፍቻ አጠበቅሁና ወጣሁ።

ሜዳው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሰው ሞልቶት ነበር። ሳምቡሳ የምትጠብስ ሴት በአንድ ጥግ፣ ሻይ ሻጭ በሌላው፣ የባጃጅ ሹፌሮች ከባጃጃቸው ወርደው ዳር ላይ። ሕጉ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ሰው ሁለት ጊዜ ይዘላል፣ የተሻለው ይያዝለታል። ዳኞቹ ከአዲስ አበባ የመጡ ሁለት ወጣቶችና አንድ የስፖርት መምህር ናቸው። ጋሽ በላይ ካፖርታቸውን እንደለበሱ በኮምቦልቻ ፀሐይ ላባቸው እየወረደ ቆመዋል። እናቴ ሁለት ጎረቤቶቿን አስከትላ ጃንጥላ ሥር ተቀምጣለች። ከዚያ በፊት ስዘል አይታኝ አታውቅም።

ተራዬ እስኪደርስ ብስክሌቴ ፀሐይ ላይ ቆሞ ነበር። ይህንንም ያዙልኝ።

ስሜ ተጠራ። «ብቅል አውራጅ! ብቅል አውራጅ!» እያለ ሕዝቡ አጨበጨበ። ፔዳሉን ረገጥሁ፤ ጉልበቴ መሪውን አልነካም፤ ክንዴ እንደ ልቤ ታጠፈ። የአፈሩ ክምር ጫፍ ላይ ስደርስ ብስክሌቱን ሳብሁት፣ ተነሣ። ምን ልበላችሁ፣ በልኩ የተሰፋ ልብስ የለበሰ ሰው ሆንሁ። አየር ላይ ሆኜ የእናቴን ጃንጥላ አየሁት።

ከዚያ ጎማዬ መሬት ነካ። ክብደቴ እጄ ላይ ሲያርፍ መሪው ወገቡ ላይ ዞረ። አልተሰበረም፣ አልተነቀለም፤ ዝም ብሎ ወደ ፊት ተደፋ። እኔም ተከትዬው ተደፋሁ።

ፊቴ አፈር ላይ፣ መሪው ደግሞ አፍንጫዬ ሥር ነበር። የመጀመሪያው ሐሳቤ ስለ አጥንቴ አልነበረም። «ወላሂ ብያለሁ፤ አለቀ» ነበር ያልሁት። ቀና ስል እናቴ ተነሥታ ቆማለች፤ ጃንጥላዋ መሬት ላይ ወድቋል። እጄን አወዛወዝሁላት፣ ደህና ነኝ ለማለት። እሷ ግን አልተቀመጠችም።

የሥራ ባልደረባዬ ሰይድ ሮጦ መጣ። ሰይድ ቸኩሎ የሚናገር፣ ቸኩሎ የሚቆጣ ልጅ ነው። አነሣኝና ብስክሌቱን ያዘ። መሪውን ሲገፋው ያለ ምንም ጉልበት ዞረለት። ጣቱን አንገቱ ላይ አድርጎ አየው፤ ያብረቀርቃል።

«ግሪስ!» ብሎ ጮኸ። «መሪውን ግሪስ ቀብተውታል! ማነው የሸጠልህ?»

እኔ ግን ከሰይድ ቀድሜ አውቄ ነበር። ግሪስ አልነበረም። ከቤት ውጭ፣ ንጹሕ አየር ላይ፣ አፍንጫዬ ሥር የነበረው ሽታ የቤታችን ሽታ ነበር። ቅቤ ነው። ፀሐይ ያቀለጠው ለጋ ቅቤ።

በአንድ ጊዜ ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ። በእናቴ አገር አዲስ ቤት ሲሠራ ምሰሶው ቅቤ ይቀባል፤ ይባረካል፣ ይጸናል ተብሎ። እናቴ ሰሌን ላይ የተጋደመውን መሪ አየች። ጫፍና ጫፉ ጎማ ለብሷል፤ ወገቡ ግን ራቁቱን ነው። ይህ ምሰሶው ነው ብላ፣ ከሚሸጠው ሁሉ የተሻለውን ለጋ መርጣ፣ ዱዓ እያደረገች ቀባችው። ጋሽ በላይ ጠብታ እንዳይነካው ያሉትን ቦታ!

አሁን ምን ልናገር? በመቶ ሰው ፊት «የጣለኝ የእናቴ ምርቃት ነው» ልበል? ጎረቤቶቿ አጠገቧ ናቸው። ቢቀር ይቅር፣ ብስክሌቱ ይሸጥ እንጂ እናቴን እንዲህ አላሳፍራትም ብዬ ወሰንሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ማልቀስ ግን አምሮኝ ነበር።

«ወድቄያለሁ፣ በቃ» አልሁ። «የእኔ ጥፋት ነው። እሸጠዋለሁ።»

ነገሩ እዚያ ቢያልቅ መልካም ነበር። ሰይድ ግን ዞሮ ጋሽ በላይን አያቸው።

«እርስዎ አይደሉ የሸጡለት? ሰው ሊገድሉ ነው እንዴ?»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ጋሽ በላይ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! እኔ አርባ ዓመት ስጠግን አንድ ሰው አልጣልሁም!» አሉ። ከደሴ ድረስ እኔን ለማየት የወረዱ ሰው ናቸው። ዝም ብል የሳቸው ስም ይጠፋል፤ ብናገር የእናቴ ፊት ይጠቁራል።

«ሰይድ!»

የእናቴ ድምፅ ነው። ገበያ ውስጥ ዋጋ ስትጠራ የምታወጣው ድምፅ። ሕዝቡን ከፍላ መጣችና ብስክሌቱ አጠገብ በርከክ አለች። ጣቷን የአንገቱ ስንጥቅ ላይ አሳርፋ አሸተተችው። አንዴ ብቻ።

«ሱብሃነላህ» አለች። «ይኼ ግሪስ አይደለም። ለጋ ቅቤ ነው። ሐሙስ የተረከብሁት የእኔው ለጋ ነው።»

ጣቷን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ ሕዝቡ ዞረች።

«የሰው ስም አታጥፉ። የቀባሁት እኔ ነኝ። ምሰሶው መስሎኝ።» ወደ እኔ ቀና አለች። «እንድሪስ፣ ይኼ ነው የጣለህ?»

«እማ...»

«አዎ ወይም አይደለም በል።»

«አዎ።»

«አንተ ደግሞ አውቀህ ነው ዝም ያልኸው?»

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ። ዐይኗ እንባ አቀረረ፤ እሷ ግን እንባ የምታፈስበት ጊዜ አልነበራትም። ወደ ጋሽ በላይ ዞራ «አውፍ ይበሉኝ» ብላ ይቅርታ ጠየቀቻቸው።

ጋሽ በላይ ካፖርታቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያወልቁ አየኋቸው። «የእንድሪስ እናት፣ ምርቃቱ ደርሷል» አሏት። «ልጁ አንገቱን አልሰበረም። ቅቤው ብቻ ነው ቦታውን የሳተው።» ያን ጊዜ አንድ ሰው ሳቀ፤ ቀጥሎ ሜዳው በሙሉ ሳቀ፤ እናቴም በእንባዋ መሐል ሳቀች። ሰይድ የጋሽ በላይን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል ጥፊ በመሰለ ነገር ማጅራቱን ነካ አድርገው ለቀቁት።

«ገና አንድ ዙር ይቀርሃል» አለችኝ እናቴ።

«እማ፣ ወላሂ ብያለሁ። ወድቄያለሁ።»

«ያስማልሁህ እኔ፣ የጣልሁህ እኔ። መሐላ ሲፈርስ ከፋራ አለው፤ አሥር ሚስኪን ታበላለህ። አብሳዩዋ እኔ ነኝ። አሁን ዝም በልና ይኼን ነገር ፍቱት።»

ኋላ መስጊድ ጠይቄ ልክ መሆኗን አረጋግጫለሁ። ያን ጊዜ ግን ማን ይጠይቃል? ፈታነው። አንድ የባጃጅ ሹፌር ቤንዚን አምጥቶ ነበር፤ ጋሽ በላይ «ቤንዚን ራሱ ቅባት ይተዋል» ብለው መለሱት። እናቴ ሁለቱንም ገፋ አድርጋ «ቅቤ እንዴት እንደሚለቅ ለእኔ ልትነግሩኝ ነው?» አለች።

ሳምቡሳ ጠባሿ ዘንድ ሄዳ ከከሰሉ ሥር የነጣ ደቃቅ አመድ በወረቀት አመጣች። ከሻይ ሻጩ ሎሚ ተቀበለች። የቅቤ ሚዛኗን ሰሐን በየማታው እንደምታጸዳው፣ መጀመሪያ ደረቁን አመድ መሪው ወገብ ላይና አንገቱ ውስጥ ነስንሳ ፈተገች። አመዱ ቅቤውን እየጠጣ ጠቆረ። ጠረገችና ደገመችው። ቀጥላ ሎሚውን አሸችበት፣ በውሃ አለቀለቀችው፣ በነጠላዋ ጫፍ አደረቀችው። መጨረሻ ላይ አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተች። ዳኞቹ ሳይቀሩ ቆመው ያዩዋት ነበር።

«ወጥቷል» አለች። «አሁን እናንተ እሰሩት።»

ጋሽ በላይ ራሳቸው አሰሩት፤ ከጥግ ወደ ጥግ፣ በመስቀል። እናቴ እያንዳንዱ ብሎን ሲጠብቅ ከላይ ሆና «ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ» ትላለች። እንዲህ ሆኖ የታሰረ መሪ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም። ሲጨርሱ የፊት ጎማውን በጉልበቴ መሐል አጣብቄ መሪውን በሙሉ ጉልበቴ ገፋሁት። አልተነቃነቀም።

ሁለተኛው ዙር። አገጬ ላይ አፈር አለ፣ ክርኔ ደምቷል። ፍርሃት ግን አልነበረብኝም፤ ከእኔ በላይ የፈራች ሴት ፍርሃቷን ረግጣ «ዝለል» ብላኛለች። ፔዳሉን ረገጥሁ። ከመጀመሪያው ዙር ይልቅ ፈጠንሁ። ክምሩ ጫፍ ላይ ሳብሁት፣ ተነሣሁ፤ አየር ላይ መሪውን ወደ ጎን አዙሬ መለስሁት፣ ለወራት የለመንሁትና እምቢ ያለኝን እንቅስቃሴ። ጎማው መሬት ሲነካ ክብደቴ በሙሉ እጄ ላይ መጣ። መሪው ያዘ። ያዘ! እንደ ድንጋይ ያዘ፤ እኔም ቀጥ ብዬ፣ በሙሉ ቁመቴ፣ ሜዳውን አቋርጬ ወጣሁ።

ከጩኸቱ ሁሉ በላይ የሰማሁት የእናቴን እልልታ ነው። ሰይድ ተሸከመኝ፤ እግሬ መሬት ይጎተት ስለነበር መሸከም ከተባለ። ጋሽ በላይ ካፖርታቸውን አየር ላይ ያወዛውዙታል። እናቴ ደረሰችና ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ፣ በአመድ በጠቆረ እጇ፣ «አጃኢብ ነው! እንዲህ ነው እንዴ የምትበረው?» አለችኝ። በሠላሳ አንድ ዓመቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ሁለተኛ ወጣሁ። አንደኛ የወጣው የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ነበር፤ ይገባዋል። እናቴ ግን እስከ ዛሬ ገበያ ውስጥ አንደኛ እንደወጣሁ ነው የምታወራው፤ እኔም አላርማትም።

በሚቀጥለው ዓርብ አሥር ሚስኪኖች ቤታችን በሉ። ከበሉ በኋላ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት አባት የድግሱን ምክንያት ጠየቁ። እናቴ ነገረቻቸው። ሽማግሌው ብስክሌቱ ይምጣልኝ አሉ፤ አመጣሁት። እጃቸውን ዘረጉና «እስቲ ትንሽ ቅቤ፣ ልመርቀው» አሉ። እናቴ ከተቀመጠችበት እንዴት እንደተነሣች አላየሁም።

«የለም አባባ! ራሱን! የልጁን ራስ ይቀቡልኝ!»

ሳምንቱን ሙሉ ፋብሪካ የገባሁት ቅቤ ቅቤ እየሸተትሁ ነው።

አንባቢዎቼ፣ እኔ ከዚያ ቀን የተማርሁት ስለ ብሎን አይደለም። ሦስት ዓመት ሙሉ እናቴ ዝላዬን እንደ ልጅ ጨዋታ ታየዋለች ብዬ አኩርፌ ኖሬያለሁ። አንድ ቀን አስቀምጫት «ይኼ መሪ ነው፣ ይኼ አንገት ነው፣ እዚህ ጋ ደረቅ መሆን አለበት» ብዬ ነግሬያት አላውቅም ነበር። የሚወዳችሁ ሰው የምትሠሩትን ነገር ካላወቀ፣ የሚመርቅላችሁ በጨለማ እየዳሰሰ ነው። እሷ ያላትን ምርጥ ነገር ይዛ መጣች፤ የት ማድረግ እንዳለባት ያላሳየኋት እኔ ነኝ። እናንተም እስቲ ዛሬ ማታ ለምትወዱት ሰው የምትሠሩትን ነገር አስይዛችሁ አሳዩት።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታችን ደጃፍ ላይ የብስክሌት መሪ እገጥማለሁ። የሜዳው ወጣቶች ይመጣሉ፤ በጡብ ላይ አቆማቸዋለሁ፣ በክር እለካቸዋለሁ። መልኩን አይተው ለሚመርጡት እንደ ጋሽ በላይ «ሚዜ ልታደርገው ነው?» እላቸዋለሁ። ከማሰሬ በፊት ግን መሪው መጀመሪያ ወደ እናቴ ይሄዳል። ወገቡን በደረቅ ጨርቅ ትጠርገዋለች፣ አንዴ ታሸተዋለች፣ እጇን ሳታስነካ ከላይ ዘርግታ ዱዓዋን ታደርሳለች። ከዚያ እንዳስረው ለእኔ ትሰጠኝና ወደ ባለቤቱ ትዞራለች።

«ደረቅ ነው» ትለዋለች። «ሂድ፣ ዝለል።»